ይቅር ተብያለሁ፣ ግን ቤቴ አይመስለኝም

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱን ሦስት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ስለዚህ አብዛኛውን ገጽ እሱ ወሰደው፣ ሌሎቹ ሁለቱ አጠር አጠር ያሉ ናቸው፣ የሌሎቻችሁን በሚቀጥለው እትም እመለስበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። 31 ዓመቴ ነው፣ ስሜን አልጽፍም። ከዚህ በፊት ለ6 ዓመት ከባለትዳር ሰው ጋር ነበርኩ፣ ሚስት እንዳለችው እያወቅኩ ነው፣ አላወቅኩም ነበር ብዬ አልዋሽሽም። መጠጥም ነበር፣ መጀመሪያ ከሱ ጋር ስሆን ብቻ ነበር የምጠጣው በኋላ ላይ ብቻዬንም ሆነ። አንድ ጊዜ ደግሞ ከታላቅ እህቴ ገንዘብ ወስጃለሁ፣ ማለቴ ሰርቄያለሁ፣ እስካሁን ማን እንደወሰደው አታውቅም። ከዛ ሁሉ ወጣሁ፣ እንዴት እንደወጣሁ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። ቤተክርስቲያን መሄድ ከጀመርኩ ዓመት ከስድስት ወር ሆኖኛል፣ ንስሐም ገብቻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ፣ የምሬን ነው አምናለሁ። ግን ሁሌ የምቀመጠው የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው፣ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ተነስቼ እወጣለሁ። ሌሎቹን ሳያቸው ንጹህ ናቸው፣ እኔ የሰው ልብስ ለብሼ የመጣሁ ነው የሚመስለኝ። ባለፈው አንዲት ሴትዮ በር ላይ ያዘችኝና "አንቺን አውቅሻለሁ፣ የት ነው የማውቅሽ?" አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፣ ከዛ በኋላ 3 ሳምንት አልሄድኩም። ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ ይቅር መባልና ቤተኛ መሆን አንድ ነው? ወይስ እንደኔ ያለ ሰው ይቅር ተብሎ በር ላይ ነው የሚቀረው?
ከኋላ ወንበር

መልስ፦ የኔ እህት፣ ያቺ ሴትዮ የጠየቀችሽ ጥያቄ ያስሮጠው አንቺን ብቻ አይደለም። ዮሐንስ ወንጌል 18 ላይ ጴጥሮስን ያስደነገጠችው ማን እንደሆነች አስታወስሽ? በር ጠባቂ ገረድ ናት። ወታደር አይደለችም፣ ዳኛ አይደለችም፣ በር ላይ የቆመች ልጅ ናት፣ አንተም ከዚህ ሰው ደቀ መዛሙርት አንዱ አይደለህም ወይ አለችው፣ በቃ፣ እሞትልሃለሁ ያለው ሰውዬ አይደለሁም ብሎ ጀመረው፣ ሦስት ጊዜም ካደ። ብርድ ስለነበር ግቢው ውስጥ ሎሌዎቹ ፍም አንድደው ይሞቁ ነበር፣ እሱም አብሯቸው ቆሞ ይሞቅ ነበር።

ይሄን ፍም ያዢው። ከትንሣኤው በኋላ ምዕራፍ 21 ላይ እነጴጥሮስ ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሳይዙ አድረው ወደ ባሕሩ ዳር ሲወጡ ጌታ ፍም አንድዶ፣ ዓሣ ጠብሶበት፣ እንጀራ አቅርቦ ጠበቃቸው። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪኩ ያ የፍም ቃል ያለው እነዚህ ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ነው፣ የክህደቱ ቦታ እና የመመለሱ ቦታ። እኔ ይሄ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም። ጴጥሮስ ከዛ ሌሊት በኋላ የከሰል ሽታ ሲሸተው ምን ትዝ እንደሚለው አስቢው እስቲ፣ ያንቺ "የት ነው የማውቅሽ" ማለት ነው። ጌታ ደግሞ ሌላ ቦታ ወስዶ አላናገረውም፣ እዛው ሽታ አጠገብ ነው ያስቀመጠው።

አሁን ቅደም ተከተሉን እዪልኝ ምክንያቱም ጥያቄሽን የሚመልሰው እሱ ነው። መጀመሪያ ኑ ብሉ አለ። ትወደኛለህ ወይ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከበሉ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀው፣ ጴጥሮስም በሦስተኛው አዘነ ይላል፣ ስለዚህ ያለፈው ነገር አልተነካም ማለት አይደለም፣ ተነክቷል፣ አሞታል። ግን የተነካው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ነው። እኛ ሁሌ የምናስበው በተቃራኒው ነው፣ መጀመሪያ ልጽዳ፣ ልፈተን፣ ልለፍ፣ ከዛ ያስቀምጡኛል ነው የምንለው። ቀራጩን ዘኬዎስንም ብታዪው እንደዛው ነው፣ ዛሬ ቤትህ ልውል ይገባኛል የተባለው ገና ዛፍ ላይ እያለ ነው፣ የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ።

(ማርቆስ 16 ላይ ደግሞ መልአኩ ለሴቶቹ "ለደቀ መዛሙርቱና ለጴጥሮስ" ንገሩ ይላቸዋል። ጴጥሮስ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ አይደል እንዴ፣ ለብቻው ስሙን መጥራት ለምን አስፈለገ? እኔ የሚመስለኝ "ለደቀ መዛሙርቱ" ብቻ ቢባል ኖሮ እኔን አይጨምርም ብሎ ከኋላ ወንበር ይቀር ነበር።)

ስለዚህ ይቅር መባልና ቤተኛ መሆን አንድ ነው ወይ ላልሽው፣ የተሰጠሽ አንድ ላይ ነው፣ ግን አንዱ ባንድ ቀን ይገባሻል ሌላው ዓመታት ይፈጃል። አንቺ ያለሽው መሃሉ ላይ ነው። እዛ መሃል ላይ መሆን እምነት ማጣት አይደለም።

ሌሎቹን "ንጹህ ናቸው" ያልሽው ነገር ግን ትንሽ አስቆኛል፣ አትቀየሚኝ። 1ኛ ቆሮንቶስ 6 ላይ ጳውሎስ የእግዚአብሔርን መንግሥት አይወርሱም ብሎ የሚዘረዝራቸው ሰዎች አሉ፣ አመንዝሮች አሉበት፣ ሌቦች አሉበት፣ ሰካሮች አሉበት። ያንቺ ሦስቱም። ከዛ ቀጥሎ ምን ይላል፣ ከእናንተም አንዳንዶቹ እንደነዚህ ነበራችሁ። ነበራችሁ። ይሄን ደብዳቤ ሲሰሙ እዛ ጉባኤ ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ይታዩኛል፣ እርስ በርሳቸው ደግሞ "እሱ እንኳን ንጹህ ነው" እየተባባሉ ሊሆን ይችላል ማን ያውቃል። የማቴዎስ የዘር ሐረግ ላይም ሰሎሞን ጋ ሲደርስ ቤርሳቤህን በስሟ አይጠራትም፣ "ከኦርዮ ሚስት" ነው የሚለው፣ ማለትም የዳዊትን ጥፋት የጌታ ትውልድ መሃል ላይ ቁጭ አደረገው። (እግረ መንገዴን፣ ይሄን ታሪክ እየጠቀሱ ቤርሳቤህን ጥፋተኛ የሚያደርጉ ሰባኪዎች ያናድዱኛል። ነቢዩ ናታን ጣቱን የቀሰረው ዳዊት ላይ ነው።)

"ይቅር ተብሎ በር ላይ መቅረት" ያልሽው ሐሳብ ደግሞ አዲስ እንዳይመስልሽ። ይሄ ሐሳብ ባለቤት አለው። እ.ኤ.አ. በ250 የሮሙ ንጉሥ ዳክዮስ ሰው ሁሉ ለአማልክት እንዲሠዋ አዘዘ፣ የሠዋ ሰው ሠውቷል የሚል ወረቀት ይሰጠው ነበር፣ ከነዛ ወረቀቶች እስከዛሬ ተርፈው የተገኙ አሉ። ብዙ ክርስቲያን ፈርቶ ሠዋ፣ አንዳንዱም ሳይሠዋ በጉቦ ወረቀቱን ገዛ። ስደቱ ሲበርድ ሰዎቹ እያለቀሱ ተመለሱ፣ ምን ይደረጉ? ኖባጥያን የሚባል የሮም ቄስ ምን አለ፣ ንስሐ ይግቡ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይላቸው ይሆናል፣ ቤተክርስቲያን ግን መልሳ አትቀበላቸውም። ቃል በቃል ያንቺ ፍርሃት ነው እኮ! እንደውም በ251 ራሱን ጳጳስ አድርጎ ተገነጠለ፣ ተከታዮቹም ራሳቸውን ንጹሐን ብለው ጠሩ። የሮሙ ጳጳስ ቆርኔሌዎስና የካርቴጁ ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን አይሆንም፣ ንስሐ የገባ ይመለሳል አሉ። በ325 ኒቂያ ላይ አባቶች ሲሰበሰቡ በስምንተኛው ቀኖና ምን ወሰኑ፣ ከነዛ "ንጹሐን" ወገን የሆነ ካህን መመለስ ከፈለገ በስደት ጊዜ ከወደቁት ጋር አብሬ እቆርባለሁ ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጥ። ገባሽ? ፈርም የተባለው የወደቀው ሰው አይደለም፣ ከወደቀው ጋር አልቀመጥም ያለው ነው።

ልሸውድሽ ግን አልፈልግም፣ ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። በዛው ጉባኤ 11ኛው ቀኖና ላይ ሳይገደድ የካደ ሰው 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር (ቃሉን ብቻ ሰምተው ከሚወጡት)፣ 7 ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርብ ከሕዝቡ ጋር እንዲጸልይ ነው የሚለው፣ 12 ዓመት! ከባድ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውዪ፣ ከኋላ የቆመው ሰው የተመደበለት ቦታ ነበረው፣ ጊዜው ይቆጠር ነበር፣ የሚያልቅበት ቀን ነበረው፣ መሞቻው ከደረሰ ደግሞ ቁርባን እንዳይከለከል 13ኛው ይላል። አንቺ ለራስሽ የፈረድሽው ማለቂያ የለውም። ከኒቂያ የበለጠ ጨካኝ ሆነሻል በራስሽ ላይ።

አሁን ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ስለ ሰዎቹ የምትፈሪው ሁሉ በሃሳብሽ የፈጠርሽው ነው አልልሽም፣ አንዳንዱ እውነት ነው። ሳውልን እዪው፣ በኋላ ጳውሎስ የተባለውን። እስጢፋኖስ ሲወገር የወጋሪዎቹን ልብስ የጠበቀው እሱ ነው። አምኖ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት፣ ደቀ መዝሙር መሆኑን አላመኑም ይላል ሐዋርያት ሥራ 9። አልፈርድባቸውም፣ እስጢፋኖስን የቀበሩት ሰዎች እዛው ከተማ ነበሩ። አይተሽዋል፣ እግዚአብሔር ተቀብሎታል፣ ጉባኤው ግን ገና አልተቀበለውም፣ ሁለቱም ባንድ ጊዜ እውነት ነው። ያንን ክፍተት የሞላው ስብከት አይደለም፣ አንድ ሰው ነው፣ በርናባስ። ይዞት ሐዋርያት ጋ ወሰደው፣ አፍ ሆነለት። በኋላም ሳውል ጠርሴስ ሄዶ ሲቀመጥ እዛ ድረስ ሄዶ ፈልጎ ያመጣው በርናባስ ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ደማስቆ ላይ ሐናንያ አለ፣ መጀመሪያ ስለዚህ ሰው ብዙ ክፉ ሰምቻለሁ ብሎ ጌታን የተከራከረ ሰውዬ፣ ሄዶ እጁን ሲጭንበት ግን ከአፉ የወጣው "ወንድሜ ሳውል ሆይ" የሚል ነው።

ስለዚህ የኔ ምክር፣ ወንበሩን ካልፈለግሽ አትቀይሪ። ከኋላ መቀመጥ ኃጢአት አይደለም፣ እኔም ከኋላ ነው የምቀመጠው፣ ለጉልበቴ። ግን ሊያልቅ ሲል መውጣቱን ተዪው። አስር ደቂቃ ብቻ ቆዪ። ሰው ቤተኛ የሚሆነው ፕሮግራሙ ላይ አይደለም ካለቀ በኋላ ባለው ግርግር ውስጥ ነው፣ ወንበር የሚያነሱት፣ ልጅ የሚያባብሉት፣ ስልክ የሚቀያየሩት እዛ ጋ ነው። ሦስት ጊዜ ትሸማቀቂያለሽ፣ በአራተኛው አንዷ በስምሽ ትጠራሻለች።

ከዛ በርናባስ ፈልጊ፣ አንድ ሰው ብቻ። ዕድሜዋ ከፍ ያለ፣ የሌላ ሰው ሚስጥር ላንቺ ነግራሽ የማታውቅ (ይሄ ዋናው መለኪያ ነው፣ የሰው የነገረሽ ያንቺንም ትነግራለች)፣ ለሷ ሙሉውን ንገሪ፣ ለንስሐ አባትሽ ወይም ለፓስተርሽ ከነገርሽው ሌላ ማለቴ ነው። ለሁሉም መናገር ግን የለብሽም። ማይክ ይዘሽ ምስክርነት ስጪ የሚልሽ ሰው ከመጣ እምቢ በይ፣ ቢያንስ ለአሁን። እኔ አራት ወር ሳይሞላኝ መድረክ ላይ አውጥተውኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሰው አጨበጨበ፣ አለቀሰ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግን የሚያናግረኝ ሰው ግማሽ ሆነ። ተንኮል አልነበረም፣ ምን እንደሚሉኝ ጠፍቷቸው ነው፣ እኔም ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር። ያንን ጉባኤ ለቅቄ ሌላ ጋ እስክለምድ 2 ዓመት ፈጀብኝ።

"የት ነው የማውቅሽ" ለምትለው ሴትዮም ውሸት አያስፈልግሽም፣ ታሪክሽን የመንገር ዕዳም የለብሽም። "ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ቦታ ነበርኩ፣ አሁን እዚህ ነኝ፣ ስምሽን ማን ልበል?" በያት። ዘጠና ከመቶ ሰዎች የሚፈልጉት ወሬ መጀመር ነው። ቀሪዎቹ ደግሞ የፈለግሽውን ብትያቸው አይረኩም።

የእህትሽን ገንዘብ ግን መልሺ። ይሄን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ባንዴ ካልቻልሽ በየወሩ፣ ግን መጀመሪያ ንገሪያት፣ በደብዳቤ ሳይሆን ቁጭ ብለሽ። እንደ እኔ እንደ እኔ ከኋላ ወንበር ከሚያስነሱሽ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው፣ ሰው ያልመለሰው ነገር እያለ የሰው ልብስ የለበሰ ቢመስለው አይገርምም። የሰውየው ሚስት ጋ ግን ብቻሽን ተነስተሽ እንዳትሄጂ። ላንቺ ሸክም ማራገፍ ይሆናል ለሷ ግን ሸክም መጫን ሊሆን ይችላል፣ ከሚመክርሽ ካህን ወይም አገልጋይ ጋር ሳትነጋገሪ አንድ ሜሴጅ እንኳን አትላኪ። የሰውየውንም ስልክ ቁጥር አጥፊው። መጠጡ ተመልሶ ከመጣብሽ ደግሞ ጸሎትም ሐኪምም፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ጥያቄ፦ የአንድ ትንሽ የጸሎት ግሩፕ አስተባባሪ ነኝ። በማጭበርበር 4 ዓመት ታስሮ የወጣ ወንድም ወደኛ መጥቶ በደንብ ተቀብለነዋል፣ አሁን 7 ወር ሆነው። ባለፈው የግሩፑን ገንዘብ እኔ ልያዝ አለ። እምቢ ካልኩት ይቅር አላልኩትም ማለት ነው? ከአባሎቹ ሁለቱ ደግሞ ድሮውኑ መግባት አልነበረበትም እያሉ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እምቢ በለው፣ ግን ቁጭ ብለህ ፊት ለፊት ነው እምቢ የምትለው። ይቅርታ በነጻ ነው፣ ታማኝነት ግን በጊዜ ይገነባል፣ እሱ ራሱ የእውነት የተመለሰ ከሆነ ይሄ አይከፋውም። እንደውም የሒሳብ ሥራው ላይ ማንም ብቻውን አይሁን፣ አንተም ጨምሮ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተሰበሰበውን ገንዘብ ሲያስልክ ማንም እንዳይነቅፈን ብሎ ሌሎች ወንድሞችን ጨምሮ ነው የላከው፣ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ አለልህ። ሐዋርያው ለራሱ እንደዛ ከተጠነቀቀ ለሱ ስድብ አይሆንበትም፣ "እዚህ ቤት ሕጉ ለሁላችንም ነው" በለው።

ለፊልሞና የተጻፈችውን ደግሞ አብራችሁ አንብቡ፣ አንድ ምዕራፍ ናት፣ 25 ቁጥር። የፊልሞናን ባሪያ አናሲሞስን "እንደ እኔ አድርገህ ተቀበለው" ይላል ጳውሎስ፣ ቀጥሎ ደግሞ ዕዳ ካለበት በኔ ላይ ቁጠረው እኔ እመልሰዋለሁ ይላል። እንደ ወንድም መቀበሉና ሒሳቡ አንድ ገጽ ላይ ናቸው፣ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ድሮውኑ መግባት አልነበረበትም ለሚሉት ሁለቱ የሙሴ ጸሊምን ንገራቸው፣ የሽፍታ አለቃ የነበረውና በኋላ በአስቄጥስ ገዳም አባት የሆነው። አንድ ወንድም አጥፍቶ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን ሲያስጠሩት አልመጣም አለ፣ ሲለምኑት የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምንድነው ሲሉት ኃጢአቴ ከኋላዬ ይፈሳል እኔ አላየውም፣ ዛሬ የሌላውን ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድምየውን ምንም ሳይሉ ተዉት።

ጥያቄ፦ ንስሐ ከገባሁ በኋላ ተመልሼ ወደዛው ነገር ወደቅኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይሆን ለስንተኛ እንደሆነ አላውቅም። አሁን ወደ ቤተክርስቲያን መመለስ አፈርኩ። እስከ ስንት ጊዜ ነው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ጴጥሮስም ጠይቆታል፣ እስከ 7 ጊዜ ነው ወይ ብሎ፣ መልሱ 70 ጊዜ 7 ነበር፣ ያ ደግሞ ሰው ለሰው ነው። የሚገርመው ጴጥሮስ ራሱ ከዛ ሁሉ ፍም በኋላ፣ ከበዓለ ሃምሳ በኋላ፣ አንጾኪያ ላይ እንደገና ሰው ፈርቶ ከአሕዛብ ክርስቲያኖች ማዕድ ተነሳ፣ ጳውሎስም ፊት ለፊት ተቃወመው፣ ገላትያ 2 ላይ ተጽፏል። ከዛ በኋላም ጴጥሮስ ጴጥሮስ ነው፣ ማንም ከሐዋርያት አልሰረዘውም። ቁጥሩን መቁጠር ተውና ሁሌ ከመውደቅህ በፊት የት እንደምትሆን፣ ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ጻፈው፣ ለንስሐ አባትህ ወይም ለምታምነው ሰው ወረቀቱን ስጠው። በዚህ ሳምንት ሂድ፣ ሌላ ሳምንት አትበል። ፊት መቀመጥ ካፈርክ ከኋላ አንዲት እህታችን አለች፣ አጠገቧ ቦታ አለ።